የጤናዬ እሳት

እኔ ዘመነች ነገር ማለባበስ አልወድም። በጸሎት ቤታችን "ምላሷ ያልዳነ" የሚሉኝም ለዚህ ነው። ይበሉ! ስለ ጤናዬ ሲነሣ ግን "ያች የእሳቷ እህት" እያሉ ሲያሞግሷት ስሰማ ዝም ብዬ መዋጥ አልችልም።

ጤናዬ ቀራንዮ መድኃኔ ዓለም አለፍ ብሎ ከእኔ ጋር አንድ ግቢ ነበር የምትኖረው። ባሏ ገመቹ አናጢ ነው፤ ጦር ኃይሎች አጠገብ አልጋና በር እየሠራ ይሸጣል። ረጅም፣ ሳቂታ፣ ሲሠራ የሚያንጎራጉር ሰው። እሱ የወለጋ ልጅ፣ እሷ የመንዝ። ያገናኘን ጌታ ነው ይላሉ፤ እኔ ግን ያገናኛችሁ የተሰበረ በርጩማ ነው እላቸው ነበር፤ ልታስጠግን ሄዳ ነው እዚያው የቀረችው።

ያን ጊዜ ጃንሆይ ገና ዙፋናቸው ላይ ናቸው፤ እኛ ጴንጤ የምንባለው ደግሞ እንዳንሰበሰብ ተከልክለናል። በየሰዉ ቤት ተሸሽገን፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነበር የምንዘምረው። አንድ እሁድ ፖሊሶች በሩን ገንጥለው ገቡና ወንዶቹን በጭነት መኪና ጭነው ወሰዷቸው። ገመቹም አብሮ ሄደ።

ጤናዬን ራሷን የጀመራት ከዚያ ወዲህ ነው። ልብስ ስናጥብ "እትዬ ዘመነች፣ አናቴ ላይ ጉንዳን ይሄድብኛል" አለችኝ። ሌላ ቀን ግንባሯን በገመድ ጥፍር አድርገው ያሰሯት ይመስላታል፤ ሌላ ቀን ራስ ቅሏ ውስጥ ሙቅ ውሃ ይፈሳል፣ መሬቱ ይከዳታል። ፌርማታ ላይ አውቶቡስ ስትጠብቅ ንዝር ሲያደርጋት የስልክ እንጨት አቅፋ አግኝቻታለሁ። "ላብድ ነው መሰለኝ። ገመቹ ሲፈታ ያበደች ሚስት ትጠብቀው?" ትለኛለች። ከሕመሙ ይልቅ ፍርሃቱ ነው ያከሳት።

ጎትቼ ሐኪም ጋ ወሰድኳት። ዓይኗን፣ ጆሮዋን፣ አንገቷን አየና ወንበሩን ጠጋ አድርጎ "እህቴ፣ ቤትሽ ውስጥ ምን ገጠመሽ?" አላት። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ሁሉንም ነገረችው።

"ይሄ ጭንቀት ነው" አላት። "የሚሰማሽ ነገር የእውነት ነው፤ ግን አያሳብድሽም፣ አይገድልሽም። ሲመጣብሽ አትታገዪው። ቁጭ በዪ፣ ቀስ ብለሽ ተንፍሺ፣ ያልፋል። የሆድሽንም ለምታምኛት ሰው አውጪው።"

ስንመለስ መንገዱን ሙሉ እጄን አልለቀቀችም። ባሏ ከተወሰደ ወዲህ ያን ዕለት ገና ጥርሷን አየሁት። ከዚያም ሲነዝራት በር ዘግታ ሐኪሙ እንዳላት ቁጭ ብላ ትተነፍሳለች፤ እውነትም ይተዋት ጀመር።

ምን ዋጋ አለው! በእኛ ሰዎች ዘንድ ጭንቀት የሚባል በሽታ የለም። "አትጨነቁ" ተብሎ ተጽፏል፤ የተጨነቀ እምነቱ የጎደለ ነው። እንግዳ ነገር ከተሰማሽ ወይ መንፈስ ቅዱስ ነው ወይ ጋኔን፤ ሦስተኛ የለም። የቀረነው ሴቶችና ጥቂት ተማሪዎች ሳንሱሲ ሰፈር አንድ ቤት ተሰብስበን ስንጸልይ፣ መሃል ላይ ጤናዬን ጀመራት። ተንቀጠቀጠች፤ ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጫነች። ጸሎቱን የሚመራው ዳንኤል የሚባል የኮሌጅ ተማሪ ነበር፤ ልቡ ንጹሕ፣ ድምፁ መረዋ፣ ጢሙ ግን በቅጡ ያልወጣ።

"እህት ጤናዬ፣ ምን ተሰማሽ?" አላት።

"አናቴን... ያቃጥለኛል።"

"ሃሌ ሉያ! እሳት ወርዶባታል!" ጎረቤት ይሰማናል የሚለው ሁሉ ተረስቶ ቤቱ በእልልታ ቀለጠ።

ቤት ስንደርስ "አንቺ! ሐኪሙ ያለሽን ለምን አልተናገርሽም?" ብዬ ጮኽኩባት።

"ጋኔን ከሚሉኝ እሳት ቢሉኝ አይሻልም፣ እትዬ ዘመነች?" አለችኝ። ቀጥላ ደግሞ ቀስ ብላ "እሳት ቢሆንስ?" አለች። እሳት እንዲሆንላት ትፈልግ ነበር፣ ምስኪን።

ከዚያ ወዲያማ ጠያቂዋ በዛ። ልጅ ያጣችው፣ ሥራ የፈታው፣ ሁሉም "እሳቱ ምን አለሽ?" እያለ ይመጣል። ጤናዬን ነዘራት ማለት እግዜር እሺ አለ ማለት ሆነ። እሷ በጠየቋት ቁጥር ትፈራለች፣ በፈራች ቁጥር ይነዝራታል። በር ዘግቶ መተንፈሱም ቀረ፤ በሩን ማን ያዘጋታል?

ፋሲካ ሲቃረብ ስንቅ ይዘን ወህኒ ቤት ሄድን። ገመቹ ከስቶ፣ እያሳለ ከሽቦው ማዶ ቆሟል።

"ጤናዬ፣ ሁለተኛ አልሰበሰብም ብሎ የፈረመ ይፈታል ብለዋል" አላት። "ደረቴን አሞኛል። እኔ መወሰን አቃተኝ። እሳት እንደወረደብሽ እዚህ ድረስ ሰምተናል። ጠይቂልኝ፤ ያልሽኝን አደርጋለሁ።"

መንገድ ላይ "ፈርም በዪው! ጌታ ልብ እንጂ ጣት አያይም" አልኳት።

"እኔስ የምጸልየው ፈርም በዪው እንዲለኝ አይደል?" አለች። ሌላ ምንም አልፈለገችም፤ ባሏ ቤቱ እንዲገባላት ብቻ።

በማግስቱ ተሰበሰብን፤ ጤናዬ ገመቹ ያላትን ነገረቻቸው። ዳንኤል እጁን ዘርግቶ "ጌታ ሆይ፣ ወንድማችን ገመቹ ሳይፈርም ይጽና?" ብሎ ጠየቀ። ኋላ እንደነገረችኝ፣ "ይጽና" የሚለውን ስትሰማ ገመቹ እዚያ ሽቦ ጀርባ ሞቶ ታያት። ድንጋጤው አናቷን ያዛት፤ ተንዘፈዘፈችና ወለሉ ላይ ወደቀች።

"እሳቱ መለሰ! ይጽና ብሏል!" ቤቱ ተነሣ።

እኔም ተነሣሁ። "ሰዎች፣ እግዜርን ፍሩ እንጂ! ሴትዮዋ ደንግጣ ነው! ሐኪም ጭንቀት ነው ብሏታል፤ እኔው ራሴ ቆሜ ሰምቻለሁ!"

ዳንኤል ወደ እሷ ጎንበስ ብሎ "እህት ጤናዬ፣ እውነት ነው? ተጨንቀሽ ነው?" አላት። ክፋት አልነበረበትም፤ ግን ያ ሁሉ ዓይን እሷ ላይ ተተክሏል። ፊቷ አመድ መስሏል። እኔን አየችኝ፤ እነሱን አየቻቸው።

"አይደለም" አለች። "እሳት ነው።"

መልእክቱ ደረሰው፤ ገመቹ አልፈረመም። የፈረሙት ለፋሲካ ቤታቸው ገብተው ከልጆቻቸው ጋር ፈሰኩ።

እሱን ክረምቱ ሲወጣ ፈቱት። ሁለት ሰው ደግፎ ነው ከታክሲ ያወረደው፤ ሳንባው አልቆ ነበር። የእንጨት መላጊያውን ማንሣት እንኳ አልቻለም። ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቀ፣ ሊጠይቀው ለመጣ ሁሉ "እስክሪብቶውን አስይዘውኝ ነበር እኮ! ሚስቴ ባትኖር ኖሮ እፈርም ነበር። የእሷ እሳት ነው ያጸናኝ" ይላል በኩራት። ጤናዬ ይህን ስትሰማ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀምጣ ትወጣለች።

እኔ ቤት ትገባና ትራሴ ውስጥ ፊቷን ደፍታ ታለቅሳለች። "ልንገረው?" ትለኛለች።

"ንገሪው።"

"ብነግረውስ? ደረትህን የሰጠኸው ለእኔ ፍርሃት ነው ልበለው? ሌላ ምን ቀረው፣ እትዬ ዘመነች? የቀረው ያ እሳት ብቻ ነው እኮ!"

እኔ፣ ያች ምላሷ ያልዳነ የሚሏት ሴትዮ፣ አብሬያት አለቀስኩ።

ጥቅምት ላይ ከአልጋ መነሣት አቃተው። አንድ ቀን ረፋድ ላይ አጥሚት ይዤ ስገባ ሊናገር ፈልጎ ትንፋሽ ሲያጥረው ደረስኩ።

"ጤናዬ፣ ጠጋ በዪኝ" አላት። "አሁንስ ይሰማሻል? እሳቱ አለ?"

አየኋት። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል፣ አንገቷ ይንቀጠቀጣል፤ እንዳትወድቅ የአልጋውን ጠርዝ ጨብጣለች። ያ አናቷ ላይ የሚወጣው ነገር እንደዚያ ዕለት ይዟት አያውቅም።

"አለ" አለችው።

"እንግዲያስ አልፈራም" አለና ዓይኑን ጨፈነ።

ከሰዓት በኋላ አረፈ። ጤናዬ ከዚያ ወዲያ ስለ እሳት ሊጠይቃት የመጣውን ሁሉ በሩን ትዘጋበት ነበር። የራሷ ሕመም ግን እስክትሞት ድረስ አልተዋትም።