ቅዳሜ ማታ የማስረክባት ብረት

መኪና ግርግር ለሥራ የገባሁ ቀን ሐጂ ዩሱፍ መጀመሪያ ያዩት ፊቴን ሳይሆን ጣቶቼን ነው። “ጣትሽ የሰፊ ነው፤ አፍሽ ግን ገና አልታወቀም” አሉኝ።

መኪና ግርግር በሐረር ግንብ ውስጥ ያለ ጠባብ መንገድ ነው። ሰፊዎች በግራና በቀኝ የስፌት መኪናቸውን ደጅ አውጥተው ይሰፋሉ፤ ስሙም የመጣው ከዚያው ጫጫታ ነው። ሐጂ ባለሱቅም ቆራጭም ነበሩ። ከሳቸው በታች ሰፊው ጀማል አለ። ከጀማል በታች ቁልፍ የምተክልና የምዘመዝም እኔ ነበርኩ።

አፌን ያሳወቅሁት ያኑ ዕለት ነው። “እሁድ አልሠራም” አልኳቸው።

“ለምን?”

“ጠዋት ቅዳሴ አለኝ።”

“ከሰዓትስ?”

“ከሰዓት ባለቤቴ ሻይ ይጋብዘኛል።”

ጀማል ሳቀ። ሐጂ አልሳቁም፤ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ አስተካከሉና “እንግዲያው እኛ ጁምዓ ስንሰግድ ሱቁን አንቺ ትጠብቂያለሽ” አሉ። ውላችን ይኸው ነበር።

ሰፊ ሆኜ የራሴ መኪና ሲሰጠኝ ጀማል በመጀመሪያው እሁድ ወፍራም ሸራ ሰፋበት። ሰኞ ስመጣ መርፌው ጎብጧል፣ ክሩ ተተብትቧል። ሐጂ ፈረዱ፤ ቅዳሜ ማታ የታች ክር መያዣዋን ብረት ነቅዬ ለሳቸው እንዳስረክብ፣ ሰኞ ጠዋት እንድቀበል። ብረቲቱ አውራ ጣት አታህልም፤ ያለሷ ግን መኪናው ጠረጴዛ ነው።

“እሁድ እሁድ መኪናዋም ያስቀድሳል በሉኛ!” አለ ጀማል። ሐጂ ብረቲቱን ደረት ኪሳቸው ከተቷት። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ሁሉ እንደዚያው ሆነ።

ትልቋ ደንበኛዬ ጊደር መጋላ ገበያ ቅመም የምትነግደው አዴ ሙና ነበረች፤ አዴ እኛ ዘንድ እትዬ እንደማለት ነው። አንድ ቅዳሜ የልጇን የሰርግ ጨርቅ ተሸክማ መጣች። ሰርጉ ሰኞ ነው።

“ነገ ጨርሺልኝ።”

“ነገ እሁድ ነው፣ አዴ።”

“አቦ አንቺ! አላህ እሁድን ላንቺ ብቻ ነው እንዴ የፈጠረው?”

“ለሁላችንም ነው። የኔ ጌታ ግን የተነሣው በዚያ ቀን ነው፤ አልሰጥሽም።”

ሐጂ ወደ ጎን ጠርተው “ደንበኛሽን ታጪያለሽ” አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። አዴ ሙና ጨርቋን አንስታ ጀማል ጭን ላይ ጣለችው፤ ከዚያ ወዲያ እኔን ሰላም ማለትም ተወች።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ለግርማ ነገርኩት። የድሬዳዋ ሚኒባስ ሹፌር ነው፤ እሱም እሁድ ቅዳሴ ሳይወጣ ሞተር አያስነሳም። “አይዞሽ” አለኝ፤ “አብረን እንደኸያለን፣ ብቻሽን አይደለሽም።” በማግስቱ እንደ ልማዱ ከቅዳሴ በኋላ ጃንጥላውን ይዞ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጠበቀኝ።

አዴ ሙና የተመለሰችው ሁለተኛ ልጇን ስትድር ነው። “የጀማል እጅጌ የመጀመሪያዋን አንቆ ሊገድላት ነበር” አለች። “እሁድሽን ያዢው፤ ሌላውን ቀን ስጪኝ።”

ግርማ ባለፈው ክረምት ሞተ። ይህችን መስመር ለመጻፍ ብዙ ቆየሁ።

ከአርባው በኋላ ወደ ሥራ ተመለስኩ። የሥራ ቀን ደህና ነው፤ እግር ይረግጣል፣ እጅ ይገፋል። የከበደኝ እሁድ ነው። የትንሣኤ ቀን ብዬ የተሟገትኩለት ቀን ግርማ የማይነሣበት ቀን ሆነብኝ። ያ የቤተ ክርስቲያን በር አለ፤ የሚጠብቀኝ ሰው የለም። መሄዱን ተውኩት። አንድ እሁድ ደግሞ ጥቁር ልብሴን ለብሼ ቤቴ ካለበት ከሐኪም ተራራ ወረድኩና በቀጥታ ሱቅ ገባሁ።

ጀማል ሲያየኝ መርገጡን አቆመ።

“ሐጂ፣ ብረቴን ይስጡኝ።”

“ዛሬ ምንድን ነው?”

“እሁድ።”

“እሁድ ብረት የለም።”

“ያ ድሮ ነው። ከአሁን በኋላ እሠራለሁ።”

“አዴ ሙና እዚህ ቆማ ስትጮህብሽ እንቢ ብለሻል። ዛሬ ማን ጮኸብሽ?”

“ቤቱ” አልኩ። “ቤቱ ዝም እያለ ይጮህብኛል።”

ሐጂ መቀሳቸውን አስቀመጡ። “ግርማ እዚህ በመጣ ቁጥር ምን ይለኝ ነበር? ‘ሐጂ፣ እሁዷን እንዳትነኩብኝ።’ እሺ ብዬዋለሁ። አሁን ለሞተ ሰው የገባሁትን ቃል ልታስፈርሺኝ ነው?” ደረት ኪሳቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። “ወላሂ አልሰጥሽም።”

“ሂጂ አቦ” አለ ጀማል ቀስ ብሎ። “ጠረጴዛ ላይ ምን ትሠሪያለሽ?”

ተናድጄ ወጣሁ። ቤት መመለስ አልፈለግሁም፣ ከሱቅ ደግሞ ተባረርኩ። የቀረኝ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ስደርስ ቅዳሴው ሊያልቅ ተቃርቧል። ወደ ውስጥ አልዘለቅሁም፤ ግርማ ይቆምበት የነበረው በር ላይ ቆምኩ። ጸሎት አልመጣልኝም። “ጌታዬ፣ መጣሁ” ብቻ አልኩ። ሰዉ እስኪወጣ እዚያው ቆየሁ፤ ከቀብሩ ወዲህ ያን ያህል አልቅሼ አላውቅም።

ሰኞ ጠዋት ብረቴ መኪናዬ ላይ ነበረች። አጠገቧ በጋዜጣ የተጠቀለለ ሳምቡሳ አለ።

“ጾም ላይ ስለሆናችሁ የምስር ነው” አሉ ሐጂ ከጨርቃቸው ቀና ሳይሉ። “ትላንት ሄድሽ?”

“በሩ ላይ ቆምኩ።”

“በሩ ላይም ቢሆን ሄደሻል።”

በሚቀጥለው እሁድ ወደ ውስጥ ገባሁ። አሁን ሐጂ ዓይናቸው ስለደከመ ቆራጩ እኔ ነኝ፤ ብረቷን ግን ዛሬም ቅዳሜ ማታ አስረክባቸዋለሁ።

ሥራ ለምትጀምሩ ልጆች የምለው ይህን ነው፦ ለእግዚአብሔር የሰጣችሁትን ቀን በመጀመሪያው ቀን፣ አብረዋችሁ ለሚሠሩት ተናገሩ። እኔ ስደክም ቀኔን የጠበቁልኝ የሰሙኝ ሰዎች ናቸው።