ከግድግዳው ውጭ የነበረው ስልክ

የሞባይል ዳታ በተዘጋበት ሰሞን ወልድያ ውስጥ ዋይፋይ የሚያስተካክል ሰው እንደ ሐኪም ይፈለግ ነበር። እኔም ከነሱ አንዱ ነበርኩ። አንድ አርብ ጠዋት መርሳ ላይ ፔንሲዮን ያላት ሴትዮ ደወለችልኝ።

«ኢንተርኔቱ ይንቀረፈፋል እያሉ እንግዶቼ ጥለውኝ ሊሄዱ ነው» አለች። ሚኒባስ ይዤ ወረድኩ።

የዋይፋይ ማሰራጫው የተሰቀለው ኮሪደሩ ጫፍ ላይ፣ ከመንገድ ዳሩ ግድግዳ አጠገብ ነው። ላፕቶፔን አገናኝቼ ሴቲንጉን ስከፍት፣ ከጎረቤት ካፌ ዋይፋይ ጋር በአንድ ቻናል እየተጋፉ አገኘኋቸው። ቻናሉን ቀየርኩት። የተገናኙትን ስልኮች ዝርዝር ሳይ ደግሞ ከእንግዶቹ ቁጥር በለጡብኝ።

«ከውጭ የሚጠቀሙብሽ አሉ» አልኳት።

«ዝጋልኛ! ለእንግዶቼም አልበቃ ብሎኛል።»

ሞገዱ ከግቢው እንዳያልፍ የስርጭት ኃይሉን ዝቅ አደረግሁት። የዋይፋዩንም ስም ከሌሎች ስልኮች ደበቅሁት። በመጨረሻ፣ ከመዘገብናቸው ስልኮች በቀር ማንም እንዳይገባ አድርጌ፣ በሥራዬ ረክቼ ወጣሁ።

ከበሩ አጠገብ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ስልካቸውን ወደ ግድግዳው ዘርግተዋል።

«ልጄ፣ ይኼ ነገር ምን ነካው? ቅድም ይሠራ ነበር» አሉኝ።

ተቀብዬ አየሁት። ከዝርዝሩ ካስወጣኋቸው አንዱ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ።

«እንጃ አባባ፣ ኔትወርክ ይሆናል» አልኳቸው። ስልኩን መልሼላቸው ወደ ሚኒባሱ ተቻኮልኩ።

በሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ ሴትዮዋ እንደገና ጠራችኝ፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ስልክ መመዝገቡ አላስቀምጥ ብሏታል። ስደርስ ሽማግሌው እዚያው ናቸው። አንገቴን ደፍቼ ገባሁ።

ነገሩን የነገረችኝ የፅዳት ሠራተኛዋ ናት። ፓስዎርዱን ለሽማግሌው የሰጠቻቸውም እሷ ነበረች። ልጃቸው ሳዑዲ ሰው ቤት ትሠራለች፤ አሠሪዎቿ አርብ ሲወጡ ትደውልላቸዋለች። እሳቸውም አርብ አርብ ከገጠር በእግራቸው ይመጡ ነበር። ከዘጋሁት ወዲህ ግን በየቀኑ እየመጡ ነው።

ለፔንሲዮኑ ባለቤት ስነግራት ደነገጠች። «ውይ! እኔ እሳቸውን ዝጋ ብዬሃለሁ? ብትነግረኝ ኖሮ እኮ ሳሎን አስቀምጣቸው ነበር!»

እሷ ከግድግዳው ማዶ ማን እንዳለ አታውቅም ነበር። እኔ ግን አይቻቸዋለሁ።

ምዝገባውን አንስቼ፣ ኃይሉን መልሼ፣ ሽማግሌውን ወደ ውስጥ ጠራኋቸው። ስልካቸው ወዲያው ደጋግሞ ጮኸ፤ የተጠራቀሙ የድምፅ መልእክቶች ናቸው። «ክፈትልኝ» አሉኝ። በየተራ ከፈትኩላቸው።

«አባዬ፣ ምነው ጠፉብኝ?» ትላለች ልጅቱ። የመጨረሻው የማክሰኞ ነበር። «ሌላ ከተማ ሊወስዱኝ ነው። ስልኩንም ይቀበሉኛል መሰለኝ። ዱዓ ያድርጉልኝ።»

ደወልንላት፤ አይጠራም። ደጋግመን ሞከርን። ከዚያ በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«አባባ፣ የዘጋሁት እኔ ነኝ። ያን ቀን ሲጠይቁኝም አውቅ ነበር።»

ስልኩን ከእጄ ተቀበሉኝ።

«መዝጋቱስ ይሁን፣ ሥራህ ነው» አሉ። «ምናለ እውነቱን ብትነግረኝ? ውርጌሳ ከተማ የእህቴ ልጅ ሱቅ ውስጥ ይኼው ነገር አለ። እዚያ እሄድ ነበር።»

ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሦስት ወር ያህል የልጅቱ ወሬ ጠፋ። በየሳምንቱ ለፔንሲዮኑ ባለቤት እየደወልኩ እጠይቃለሁ፤ «ምንም የለም» ትለኛለች። አንድ ቀን ሐራ ላይ ሥራ ይዤ ሳለ ሴትዮዋ ራሷ ደወለች። ልጅቱ በሌላ ሴት ስልክ ለአባቷ ደውላለች። ደህና ናት፤ የምትሠራበትንም ቤት ቀይራለች። አባትየው ሳሎን ውስጥ «አልሐምዱሊላህ» እያሉ አልቅሰዋል።

እፎይ ብዬ ከመሰላሉ ላይ ወረድኩ።

«ስለኔስ ምን አሉ?» አልኳት።

«ስላንተ?» አለች ትንሽ አስባ። «ኧረ ምንም አላሉም።»