ሁለቱ እንግሊዛውያን በቆሰበር ፈረሶች ፊት

ከባሕር ዳር የተነሳሁት ሁለት ኩርፈኞች ይዤ ነው። ተማሪ ሳለሁ የእነዚህ እንግሊዛውያን የዳንስ ሙዚቃ ከጆሮዬ አይጠፋም ነበር፤ ረጅሙ ምቱን በማሽን ያቀናብራል፣ ባለመነጽሩ ኪቦርድ ይጫወታል። ከአንድ ጠባብ ክፍል ተነስተው ስታዲየም ሞልተዋል። አሁን ግን ዓይንና ናጫ ሆነዋል። የአዊ ፈረሶችን የግልቢያ ድምፅ ቀድተው አንድ አልበም ካልሠሩ ቡድኑ ሊፈርስ ነው። እኔ አስተርጓሚያቸው ነኝ፤ እንግሊዝኛን ወደ እንግሊዝኛ እንደማስተረጉም ግን ማንም አልነገረኝም!

ዳንግላ

ምሳ በላን። ረጅሙ "ሚጥሚጣውን አቀብለኝ በለው" ይለኛል። ሰውዬው እኮ አጠገቡ ነው! እነሱን ሳመላልስ ሽሮዬ ቀዘቀዘ።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ዳርና ዳሩ የከሰል ጆንያ ነው። አንዱ መስኮት ይከፍታል፣ ሌላው ይዘጋል። እንጅባራ፣ አገሬው ቆሰበር የሚላት ከተማ፣ በካፊያ ተቀበለችን።

ጥርባ

በጥርባ መንደር ሜዳ ላይ ማይክሮፎን ተተከለ። የፈረሰኞቹ አለቃ አያ ታከለ እንግዶቹን ከላይ እስከ ታች አይተው ወደ ጓዶቻቸው ሄዱ። ፈረሶቹ ሲመጡ ግን ግልቢያ የለ፣ ሆታ የለ። አንገታቸውን ደፍተው በዝግታ ያልፋሉ።

"አያ ታከለ፣ ምነው አትጋልቡም እንዴ?" አልኳቸው።

"ልጄ፣ በኀዘንተኛ ፊት ይጋለባል? ጥቁር ለብሰው፣ አፋቸውን ዘግተው! እኛ ለቀብር የምናጅበው እንዲህ ነው። ማን ሞቶባቸው ነው?"

ትዕግሥቴ አለቀ። ቃል በቃል ተረጎምኩት፤ ይናደዱ ብዬ።

ሁለቱ ተያዩ። ከጠዋት ጀምሮ የመጀመሪያቸው ነው። ባለመነጽሩ "ምን ትላለህ?" ሲል ጓደኛውን ራሱን ጠየቀው። ረጅሙ ዓይኑን ጠረገ።

"ልክ ናቸው። ቡድናችን ሞቷል" አለ።

አያ ታከለ የሞተባቸው ሰው እንደሌለ ሲገባቸው "ስህተቱ የእኛ ነው፣ አሁን እንጋልብላችሁ" አሉ። እንግሊዛውያኑ እምቢ አሉ። ያንኑ የዝግታ ኮቴ ቀዱ፣ ጎን ለጎን ቆመው።

ባሕር ዳር

ስንመለስ ጆሮዬ እስኪደነቁር አወሩ፤ የጥንቱን እያነሱ ይስቃሉ። ሳንደርስ ቡድኑን በስምምነት አፈረሱት። አልበሙ ቀረ።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት፣ ሰው ሥራው መሞቱን እስኪያምን ድረስ ጓደኛውን እንደሚነክስ ነው። ለእነሱስ ጥሩ። ቤቴ ስገባ ባለቤቴ ፊቴን አይታ ደነገጠች።

"ምን ሆንክ?"

"ቡድኑ ፈረሰ።"

"ታዲያ አንተን ምን አገባህ?" አለችኝ።

የወጣትነቴ ሙዚቃ ነበር። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።