ሦስት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ

በቴሌቪዥን ጣቢያው የሚያውቋት ሁሉ «መቀስ» ነው የሚሏት። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ፊልም ስትቆርጥና ስትቀጥል ኖራለች። አንድ ሹም አንድ ሰዓት የደሰኮረውን አራት ደቂቃ አድርጋ ብታወጣው፣ ሰውየው አይቶ «ለካ እንዲህ ተናጋሪ ነኝ» አለ ይባላል። ምርቃት ይሁን እርግማን እንጃ እንጂ፣ ይቺ ሴት ዝምታ አትችልም። ሰው ትንፋሽ ሊወስድ ቆም ሲል ጣቷ መቁረጫውን ቁልፍ ይፈልጋል። ምሳ ስትበላ እንኳ ጉልበቷ ከጠረጴዛው ሥር ይርገበገባል። ባሏ ወሬ በጀመረ ቁጥር መጨረሻውን ከአፉ ስለምትነጥቀው፣ ምስኪኑ መጀመሩንም ትቶታል።

እንግዲህ ይቺው ሴት ናት በሠላሳ ስምንት ዓመቷ የፊልም ጥናት ሁለተኛ ዲግሪዬን እይዛለሁ ብላ የተነሳችው። ስለ ፊልሙ ማን ይነግራታል! የከበዳት ቅዳሜ ጠዋት የሚሰጠው የጥናት ዘዴ ትምህርት ነው። ሌሎቹ ስለ ናሙናው፣ ስለ መጠይቁ፣ ስለ ምልከታው ሲጽፉ እሷ ሰዓቷን ታያለች። «ወደ ሥራው የምንገባው መቼ ነው?» ብላ ስትጠይቅ፣ ለጡረታ አንድ ዓመት የቀራቸው መምህርት በመነጽራቸው ላይ አየት አድርገዋት «ሥራውማ ይሄው ነው» ይሏታል።

እኚሁ መምህርት አማካሪዋ ሆነው ተመደቡ። ጥናቷ የሰፈር ሲኒማ ቤቶች ሲዘጉ ፊልም አጫዋቾቹ ምን እንደሚያስታውሱ የሚጠይቅ ነው። ንድፉ እንዲጸድቅላት አንድ የሙከራ ቃለ መጠይቅ ከነድምፁ ከነጽሑፉ እስከ ዓርብ ማስገባት አለባት። ሁለት ጊዜ ተራዝሞላታል፤ ይሄ ካለፋት ከትምህርቱ መሰናበቷ ነው። እሷ ግን ምንም አልሰጋችም። አባቷ ሠላሳ ዓመት ፊልም ያጫወቱ ሰው ናቸው፤ ሄዳ ጠየቀቻቸውና ማክሰኞ ሥራዋን ይዛ ቀረበች።

መምህርቷ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ አወለቁት።

«አባትሽ አይተነፍሱም እንዴ?»

«እንዴት?»

«የሰባ ስድስት ዓመት ሰው ናቸው አላልሽም? እንደ ዜና አንባቢ ነው የሚያንበለብሉት።»

«አጽድቼው ነው» አለች መቀስ ኮራ ብላ። «ዝምታውን፣ ሳሉን፣ ድግግሞሹን አወጣሁት። መጨረሻ ላይ ያሉትን ደግሞ ወደ መጀመሪያ አመጣሁት። እዚያ ነው የሚያምረው።»

«ያልተነካው ቅጂስ?»

«ጠፋ። እኛ ጋ ሥራው ካለቀ ጥሬው ይጠፋል፤ ቦታ ይይዛል።»

መምህርቷ ዝም አሉ። መቀስ ያቺን ዝምታ እንኳ አልቻለቻትም። «ምን አጠፋሁ?» አለች።

«ይሄ ያንቺ ንግግር ነው። እኔ የምፈልገው እሳቸው ያሉትን ነው። እስከ ዓርብ አምጪልኝ።»

ከቢሮው ስትወጣ ቀልቧ ተገፎ ነበር። አውቶቡስ ተሳፈረች፤ መቀመጥ ስላቃታት ሁለት ፌርማታ ሲቀራት ወርዳ በእግሯ አዘገመች። መጀመሪያ በመምህርቷ ተናደደች፤ ቀጥሎ በራሷ። የሰውን ንግግር እንዳለ መጻፍ የመጀመሪያው ቅዳሜ ትምህርት ነበር፤ እሷ ያን ዕለት ሰዓቷን ስታይ ነው የዋለችው።

ረቡዕ ተረኛ ነበረች። ሐሙስ ከምሳ በኋላ አባቷ ቤት ደረሰች። ሽማግሌው መስኮቱ ሥር ካለችው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ኮፍያቸውን ግድግዳው ላይ ከተቸነከረ ባዶ የፊልም ጥቅል ላይ ሰቅለዋል።

«ነግሬሽ የለም እንዴ?»

«አበላሸሁት አባባ።»

«እስቲ አሰሚኝ።»

አሰማቻቸው። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙት።

«ጎበዝ ሰው ነው። ማነው?» አሉ።

«አንተ ነህ እንጂ!»

«እኔ እንዲህ አልፈጥንም።»

መቅረጫውን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ሁለት እጇን ከጭኗ ሥር ከተተች። እሳቸው አንዱን ነገር ጀምረው፣ ትተው፣ ወደ ሌላ ሄደው፣ ተመልሰው እስኪመጡ ልቧ ውልቅ አለ። እንደ ምንም ወደ መጨረሻው ጥያቄ ደረሰች።

«ሲኒማ ቤቱ የተዘጋ ቀን አዳራሹ ውስጥ ስንት ሰው ነበር?»

«ማንም አልነበረም።»

ይሄን መልስ ታውቀዋለች። ባለፈው ወደ መጀመሪያ ያመጣችው እሱን ነው። እጇ ወደ መቅረጫው ሄደ፤ መለሰችው። አባቷ ጣቶቻቸውን ያያሉ። የጓዳው ቧንቧ ያንጠባጥባል። ጎረቤት በር ዘጋ። ጉልበቷ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ በክርኗ ተጫነችው። ነገ ዓርብ ነው፣ ገና ጽሑፉ አለ፣ ምናለ ቢጨርሱት! ከንፈሯን ነክሳ ጠበቀች።

«ማንም አልነበረም ስልሽ» አሉ አባቷ ድንገት፣ «ትኬት ቆርጦ የገባ ማለቴ ነው። እናትሽ ነበረች።»

«እማዬ? እሷ እኮ ፊልም ሲጀምር ነበር የምትተኛው።»

«ትተኛለች። ተመልካች የጠፋ ጊዜ፣ ሁለት ወር ሙሉ፣ በየቀኑ እየመጣች መሃል ወንበር ላይ ትተኛ ነበር። ለባዶ ወንበር እንዳላጫውት ብላ። ሲያልቅ ትነቃና ወደ ማጫወቻ ክፍሌ መስኮት ዞራ እጇን ታውለበልባለች። የመጨረሻውም ቀን እንደዚያው።»

እናቷ ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነው። መቀስ ዓይኗን ጠረገች።

«ባለፈው ለምን አልነገርከኝም?»

«ልነግርሽ ስል የመቅረጫውን ገመድ ትጠቀልዪ ነበር» አሉ አባቷ፤ ቅያሜ የለባቸውም።

ዓርብ ጠዋት ከመምህርቷ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ጽሑፉ ላይ ከ«ማንም አልነበረም» ቀጥሎ፣ በቅንፍ፣ «ዝምታ፤ ሦስት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ» ይላል። መምህርቷ እዚያ ሲደርሱ አላለፉትም፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ።

መቀስ ደግሞ ስልኩን ታስባለች። እናቷ በመጨረሻው ዓመት በየማታው ትደውልላት ነበር። ስለ ጤና፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ጎረቤቱ አውርታ «ደግሞ...» ብላ ቆም ትላለች። ያኔ እሷ «እሺ እማዬ፣ በቃ ቻው» ትልና ትዘጋዋለች። በየማታው፣ እዚያችው ላይ። ምን ልትላት ነበር?

መምህርቷ ማዳመጫውን አውልቀው የማጽደቂያው ወረቀት ላይ ፈረሙ። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ ዘረጉላት፤ አላየቻቸውም።