ባሕር ሸሽ ላይ የዘራሁት ሽምብራ

ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ አስፋልቱ ዳር ከተቀመጠች ሴት አንድ እስር የሽምብራ እሸት ገዛሁ። ቤት ገብቼ ልፈለፍለው ስል ቅጠሉ ጣቴን ቆጠቆጠኝ። የሽምብራ ቅጠል ላቡ ኮምጣጣ ነው፤ ጠል ሲያርፍበትማ ሎሚ ነው የሚመስለው። ጣቴን ላስሁት። ከዚያ መፈልፈሉን ትቼ፣ እሸቱን ጭኔ ላይ እንዳስቀመጥሁ ቆየሁ።

ልጄ፣ በአባትሽ አርባ ዕለት ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ሳህን እያጠብሽ «አባዬ የገበሬ ልጅ ሆኖ ለምን መሬት አልነበረውም?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ደክሞኝ ስለነበር «ተይኝ» አልሁሽ። ድካሙ አሁንም አልለቀቀኝም። ቢሆንም መጻፍ ከመናገር ይሻለኛል፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያልሁ እጽፈዋለሁ።

ያደግሁት ሐይቁ አፋፍ ላይ ነው። በክረምት ጣና ሞልቶ እስከ ጓሯችን ይደርሳል፤ መስቀል ካለፈ በኋላ ቀስ እያለ ወደ ኋላው ይመለሳል። ጥሎት የሚሄደውን ጥቁር ጭቃ ባሕር ሸሽ እንለዋለን። ማረሻ አይገባበትም፤ በሬ ቢገባ እስከ ሆዱ ይሰምጣል። አባቴ «የእኛ በሬ ውሃው ነው፤ አርሶልን ይሄዳል» ይል ነበር። ከደቅ ደሴት በታንኳ የሚመጡ አንድ መነኩሴ ደግሞ፣ ደሴቱ ላይ ገዳም ሳይተከል በፊትም ሰው በዚሁ ጭቃ እየዘራ ይበላ ነበር ይሉን ነበር።

ጭቃው ግን ጊዜ አይሰጥም። ከቸኮልሽ ዘሩ ይበሰብሳል፤ ከዘገየሽ መሬቱ ይሰነጠቅና ፍሬውን አይቀበልም። ተረከዝሽን ትተክያለሽ። ዱካሽ ውሃ ከቋጠረ ገና ነው፤ ውሃ ሳይቋጥር ካብለጨለጨ ያን ዕለት ይዘራል። ሌላም ደንብ ነበረ። የባሕር ሸሽ ባለቤቱ በየዓመቱ የሚዘራበት ሰው ነው። ታመምሁ፣ ሰው አጣሁ አይባልም፤ ሌላ ሰው ከዘራበት መሬቱ የዚያ ሰው ሆነ ማለት ነው።

አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። በኅዳር አባቴን ወባ ጣለው። ወንድ ልጅ የለውም፤ እኔና ታናሽ እህቴ ብቻ ነን። ኋላ አማቴ የሆኑት ጎረቤታችን ሊጠይቁት መጡ። መደቡ ላይ ተቀምጠው ዝንቡን በጭራቸው እያባረሩ፣

«እግዜር ይማርህ። መሬቱ ጦም ከሚያድር ልጄ ነገ በማለዳ ይዝራበት። አንተ ብቻ ዳን» አሉ።

አባቴ ጥርሱ እየተንገጫገጨ «እግዜር ይስጥህ» አላቸው። ምን ይበል? እንደወጡ እናቴ «አቤት ደግ ሰው!» አለች። አባቴ ብርድ ልብሱን ገፎ ተነሣ።

«ደግ? ሳልሞት ወርሶኝ ሄደ እኮ!»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ትዘሪያለሽ» አለኝ።

«ሴት ዘር ስትበትን የት አይተህ ታውቃለህ? መሳቂያ ልታደርገን ነው?» አለች እናቴ።

«ይሳቁ። በሳቅ የጠፋ እህል የለም።»

ጎሕ ሲቀድ አቁማዳውን ተሸክሜ ወረድሁ። ሐይቁ ላይ ጭጋግ ተኝቷል፤ ደንገሉ ውስጥ ወፎች ይንጫጫሉ፤ ጭቃው ዓሣ ዓሣ፣ የበሰበሰ ሣር ሣር ይሸታል። ዛሬ እዚያ ብትሄጂ የሚሸትሽ የውሃ መሳቢያው ሞተር ናፍታ ነው።

የጎረቤታችን ልጅ፣ አባትሽ፣ ቀድሞኝ መሬታችን ላይ ቆሟል። አቁማዳው ትከሻው ላይ ነው፤ ገና አልጀመረም።

«ምን ልትሠሪ መጣሽ?»

«ልዘራ።»

ሳቀ። «ሱሪሽን የት ረሳሽው?»

«ሱሪ የለበሰውማ የታመመ ሰው መሬት ሊሰርቅ መጥቷል» አልሁት።

ሳቁ ቀጥ አለ። «አባትሽ ፈቅደዋል ተብዬ ነው የመጣሁት» አለ። «ሊጠይቁት የመጡትን ሰው ምን ይበላቸው?» አልሁት። ሁለት እግሩን ከጭቃው እየነቀለ ወደ ራሳቸው መሬት ተሻገረ።

እጄን አቁማዳው ውስጥ ከትቼ ወረወርሁ። ዘሩ አንድ ቦታ ተከመረ።

«ለዶሮ ነው እንዴ የምትሰጪው?» አለኝ።

ላለቅስ ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። ያኔ አቁማዳውን መሬት አስቀመጠና በእነሱ በኩል፣ ከእኔ ትይዩ፣ ባዶ እጁን እየበተነ ይሄድ ጀመር። «እግርሽ ሲያርፍ ጣትሽ ይከፈት። አትወርውሪ፤ ልቀቂው» ይለኛል። እሱ አየር ይዘራል፣ እኔ ሽምብራ እዘራለሁ። ጭጋጉ ሳስቶ ፀሐይ ጭቃውን እንደ ቅባት ስታበራው፣ እጄ የእሱን እጅ መስሎ ነበር። አንድም ጊዜ መሬታችንን አልረገጠም።

ወደ ውሃው ስንቃረብ ዱካዬ ውሃ ይቋጥር ጀመር።

«እዚህ ገና ነው። ሁለት ቀን ጠብቂ» አለኝ።

አላመንሁትም። የዚያ ሰውዬ ልጅ እኮ ነው! ሁለት ቀን ብተወው አባቱ ይዘሩበታል ብዬ እስከ ውሃው አፍ ድረስ በተንሁት። አባትሽ አቁማዳውን አንሥቶ ሄደ።

እዚህ ላይ እጄ ደክሞ ሁለት ቀን ሳልጽፍ ቆየሁ።

በሳምንቱ ጎረቤታችን ሽማግሌ ሰበሰቡ። «ሴት የበተነችው እንደተዘራ አይቆጠርም» አሉ። ሽማግሌዎቹ አባትሽን ጠርተው ማን እንደዘራ ጠየቁት። አባቱ ፊት ለፊት ተቀምጠው ያዩታል።

«እሷ ዘራችው። ከላይ እስከ ታች በዓይኔ አይቻለሁ። አበታተኗም ከእኔ አያንስም» አለ።

መሬቱ ለአባቴ ጸና። ጎረቤታችን ጋቢያቸውን አራግፈው ተነሡ። «ከእንግዲህ ከእኔ መሬት አንድ ስንዝር አታገኝም። እጅህ ለሰው የሚሠራ ከሆነ፣ ሰው ይቀልብህ» አሉት። ቃላቸውን እስኪሞቱ አላጠፉም፤ መሬታቸውን ለታናሽ ወንድሙ አወረሱ። አባትሽ በማግስቱ አንዲት ጋቢ ይዞ ወደ ባሕር ዳር ሄደ። እንግዲህ መሬት ያልነበረው በዚህ ነው።

ዘሩ ሲበቅል አላየም። የላይኛው አጋማሽ አረንጓዴ ምንጣፍ ሆነ። የታችኛው በሰበሰ፤ አንድ ፍሬ አልበቀለም። አባቴ ከሕመሙ ተነሥቶ በምርኩዝ ወርዶ አየው። «ማን አስቸኮለሽ?» ብቻ አለኝ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ከእናቴ ጋር እህል ልናስፈጭ ባሕር ዳር መጣን። ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ጆንያ ተሸክሞ አገኘሁት። ሽፋሽፍቱ ሳይቀር ዱቄት ነበር። ጆንያውን ሳያወርድ፣ እንደምን አለሽ እንኳ ሳይለኝ፣

«ጸደቀ?» አለኝ።

ወፍጮው ይጮኻል። እውነቱን ልነግረው ነበር። ጫንቃውን አየሁት፣ ጆንያው ልጦታል።

«ሁሉም ጸደቀ» አልሁት።

«ታችኛውም?»

«ታችኛውም።»

«እንግዲያው ትበልጪኛለሽ» ብሎ ሳቀ። በዚያ ሁሉ ዱቄት መካከል ድዱ ቀይ ሆኖ ታየኝ። በዓመቱ ሽማግሌ ላከ።

የቀረውን ታውቂዋለሽ። እንግዳ በመጣ ቁጥር «እኔ ጠብቂ ብያት ተሳስቼ ነበር፤ እሷ ከውሃው አፍ ነጥቃ አበቀለችው» እያለ ሲያወራ ሰምተሻል። እናንተ ትስቁ ነበር። እኔ ሳህን ላነሣ ወደ ጓዳ እገባለሁ። አምና ድክም ካለ በኋላ እንኳ ቦታውን ካላሳየሽኝ ብሎ ወሰድሁት። ውሃው እንደ ድሮው አልሸሸም፤ ዳር ዳሩን እምቦጭ ሸፍኖታል፤ ከላይ ያለው ሩዝ ሆኗል። ክንዴን ይዞ ቆሞ፣ እምቦጩን በከዘራው እያመለከተ፣ «እዚህ ድረስ በቅሎ ነበር አይደል?» አለኝ።

«አዎ» አልሁት።

አልተሳሳተም ነበር፣ ልጄ። ጠብቂ ያለኝ ልክ ነበር፤ ያጠፋሁት ስላላመንሁት ነው። ስንት ጊዜ ልነግረው አስቤ ያን ደስታውን ሳይ እተወው ነበር። ለአንቺ ግን ይኸው ጻፍሁልሽ። ከእንግዲህ የምደብቅለት ሰው የለኝም።