በትንሹ ቁጥር ሰባ

የመኪናዬ የፍጥነት መቁጠሪያ ተሰብሮ መካኒኩ ካረጁ መኪናዎች ፈትቶ ያመጣውን ሌላ ገጠመልኝ። የእንግሊዝ አገር መኪና አካል እንደነበር የገባኝ ከአሌክሳንድራ ሰፈር ወጥቼ በስልሳ እየነዳሁ ሚኒባስ ታክሲዎችን አንድ በአንድ ሳልፍ ነው። ጆሃንስበርግ ላይ ታክሲ የቀደመ ሰው ራሱን መመርመር አለበት። ዳር ይዤ ቆሜ አየሁት። ትልልቁ ቁጥር ማይል ነው፤ ኪሎሜትሩ ከሥሩ ጉንዳን የሄደበት በሚመስል ጽሑፍ ተጽፏል። መካኒኩ ዘንድ ተመልሼ ብቆጣ፣ መንገዱ እንደሆነ ያው ነው ብሎ ሳቀብኝ።

መጀመሪያ ተናደድኩ፣ በኋላ ግን ነገሩ ይስበኝ ጀመር። መርፌው ሃምሳ ላይ ሲቆም ሰማንያ ነን፤ ሰባ ላይ ሲቆም መቶ አሥርን አልፈናል። እኛ ስደተኞች እንደሆን ሁለት ሰዓትና ሁለት ዘመን ይዘን የምንኖር ሰዎች ነን። ደንበኛ ሱቄ መጥቶ በዘጠኝ ሰዓት እመለሳለሁ ሲል እኔ ሦስት ብዬ ነው የምይዘው። ፍጥነትም ሁለት ቢሆንብን ብዙ አልከበደኝም፤ መቁጠሪያውን ላስቀይር እያልኩ ሳላስቀይር ቀረሁ።

ያኔ በኮሮና ጊዜ፣ ለሱቆቻችን ዕቃ የሚያመላልሰው ሹፌራችን ሌሶቶ፣ ማሴሩ ከተማ የምትኖር ያገራችንን ልጅ ሊያገባ ፈለገ። ሽማግሌ መላክ ነበረበት። አገር ቤት ሽማግሌ በዕድሜና በአንደበት ይመረጣል፤ እኛ ግን የተመረጥነው በወረቀት ነው። ከምናውቃቸው ሁሉ ድንበር ተሻግረው ለመመለስ የሚያስችል ወረቀት ያላቸው ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ አንጋፋው የቶኮዛ ሰፈር ነጋዴ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ወንጌላዊ እና እኔ። በአርባ ዓመቴ ሽማግሌ ሆንኩ።

ሹፌራችን የነገረን አንድ ችግር ብቻ ነበር። የልጅቱ አባት የበኩር ልጃቸውን ያጡት በመኪና አደጋ፣ እኛ በምንሄድበት መንገድ ላይ ከጆሃንስበርግ ዕቃ ጭኖ ሲመለስ ነው። ከዚያ ወዲህ ልጄን ለሹፌር አልሰጥም ብለዋል። አደራ ቀስ ብላችሁ ሂዱ፣ እንዴት እንደመጣችሁ መጠየቃቸው አይቀርም አለን።

ለኮሮና ምርመራ አፍንጫችንን አስጎርጉረን፣ የሰዓት እላፊው እንዳበቃ በማለዳ ወጣን። ወንጌላዊው ጸለየና ከኋላ ተኛ። አንጋፋው ከጎኔ ተቀመጡ። መኪና ነድተው አያውቁም፤ ዓይናቸው ግን ከመርፌው አልተነቀለም። መንገዱ መቶ ሃያ ይፈቅዳል፣ እኛ ሰባ ላይ ነን። ሌላው ሁሉ ያልፈናል ብለው ጠበቁ፣ ማንም አላለፈንም። ይህ ሕዝብ ዛሬ ምን ነክቶት ነው እንዲህ የሰከነው ብለው ተደነቁ። ስለ ማይል ላስረዳቸው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ግን ማስኩ መነጽሬን በእንፋሎት ሸፍኖብኝ ስጠርግ ወሬው ተቋረጠ፣ ከዚያ ድንበሩ ደረሰ፣ ወረፋ ሆነ፣ ረሳሁት።

አባትየው ቤት ረፋድ ላይ ደረስን። ማዕዱ ቀርቦ በጨርቅ ተሸፍኗል፤ መልስ ሳናገኝ አንቀምስም። ወንጌላዊው ጸለየ፣ አንጋፋው ቆመው ልጅዎን ለልጃችን ብለው ጠየቁ። ሰውየው ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው። ስለ ልጁ ሃይማኖት አልጠየቁም፣ ስለ ዘሩም አልጠየቁም።

«በስንት መጣችሁ?» አሉ።

አንጋፋው በኩራት፣ «በሰባ፤ ከሰባ ንቅንቅ አላልንም» አሉ።

ሰውየው የግድግዳውን ሰዓት አዩ። ልጃቸው ከመሞቱ በፊት ያንን መንገድ በየሳምንቱ ሲመላለሱበት የኖሩ ሰው ናቸው። ሰዓት እላፊው መቼ እንደሚያበቃም ያውቃሉ። በሰባ የመጣ ሰው አሁን ድንበሩ ጋ እንኳ አልደረሰም አሉና አንገታቸውን ደፉ። በጓዳው መጋረጃ ሥር የልጅቱ እግር ይታየኛል፤ ጣቶቿን ጭብጥ አድርጋ ቆማለች። አንጋፋው በዕድሜያቸው ሙሉ ውሸታም ተብለው አያውቁምና ወደ እኔ ዞሩ። እኔም አፈርኩ።

«ጋሼ፣ መኪናዋን ይዩልኝ» አልኳቸው።

ተከትለውኝ ወጡ። በሾፌሩ ወንበር ተቀመጡና በጣታቸው ትልቁን ቁጥር፣ ከዚያ ትንሹን ተከተሉ። ማይል ምን ያህል እንደሚሆን ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። ለምን ሁለት እንዳደረጉትም ጠየቁ፤ እሱን እኔም አላውቅም። ከዚያ ቦታ ቀይረን፣ እስቲ ንዳ አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። በከተማው ዳር ወሰድኳቸው። አሁን አርባ ነን፣ አሁን ስልሳ ነን ይላሉ፤ እኔ ትንሹን ቁጥር አያለሁ፣ ብዙም አይስቱም። ሰባ ላይ ስንደርስ ዓይናቸውን ገለጡ። ከልጃቸው ሞት በኋላ መኪና ውስጥ ሲቀመጡ ይህ የመጀመሪያቸው እንደሆነ ነገሩኝ። ቀስ ብዬ መኪናዋን አዞርኩ።

ቤት ተመልሰን በር ላይ ስንቆም ሞተሩን እንዳላጠፋ በእጃቸው ከለከሉኝና መርፌውን ትንሽ አዩት።

«ልጄን ስትወስዷት» አሉ፣ «በትንሹ ቁጥር ሰባ።»

ማዕዱ ተገለጠ።

ለሠርጉ መሰብሰብ የሚፈቀድልን ጥቂት ሰው ብቻ ስለነበር ሙሽራዋን ልናመጣ የሄድነው እነዚያው ሦስታችን ነን። ስንመለስ መርፌው በትልቁ ቁጥር አርባን አለፍ ብሎ ቆመ። የጭነት መኪና ሳይቀር ጡሩምባ እየነፋ አለፈን፤ አንዱ ሹፌር በመስኮት ብቅ ብሎ በዙሉ ቋንቋ ሰደበን። ሙሽራዋ ቬሏን ሰብስባ ከኋላ መቀመጫ ወደፊት ዘንበል ብላ መርፌውን ታያለች። አንድ ቦታ ላይ ስንደርስ ዳር ያዝልኝ አለችኝ፤ ወንድሟ የሞተበት ቦታ መሆኑን ማንም አልነገረኝም፣ አወቅኩት። ወርዳ ሣሩ ውስጥ ትንሽ ቆመች። ተመልሳ ስትገባ አንጋፋው ዞር ብለው እንፍጠን ወይ ብለው ጠየቋት።

«አይ፣ አባቴ ሰዓቱን እየቆጠረ ነው» አለች።