መስቀል የሌለበት ዳቦ

ሜርቭ ትሬጌር ከስቅለት በፊት የሚጋግረው ትንሽ ዳቦ ዘቢብ አለው፣ ቀረፋ አለው፣ ከምድጃ ሲወጣ የሚቀባው የስኳር ወዝ አለው። የሌለው መስቀል ብቻ ነው። አውስትራሊያን ከዳር ዳር ብትዞሩ በዚያ ሰሞን የሚሸጠው ዳቦ ሁሉ አናቱ ላይ ነጭ መስቀል ተሰምሮበታል፤ የእኛ ከተማ ኩራሊን ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ራሰ በራ ዳቦ ስትበላ ኖራለች። ምን ታድርግ፣ ያላት ዳቦ ጋጋሪ አንድ ነው፤ እሱም ግትር ነው።

«መስቀሉ የክርስቶስ መስሏችሁ ነው?» ይል ነበር ባንኮኒው ላይ ተደግፎ። «ከክርስቶስ በፊት ለአበባ ወቅት ጣኦት ይጋገር የነበረ ዳቦ ነው። ስሙን ቀየሩለት እንጂ ሥራው ያው ነው።»

የእህል መኪና የሚነዳው ኖቢ በየዓመቱ ይህን ለመስማት ብሎ ይመጣል። «ቆይ፣ የአበባ ወቅት ጣኦት ነው ያልከኝ? እኛ ጋ እኮ አበባ የለም፤ ስንዴ ልንዘራ ዝናብ የምንለምንበት ወር ነው። ጣኦቷ መንገድ ጠፍቷት ነው እንዴ አንተ ቤት የገባችው?»

«ሳቅ፣ ሳቅ» ይለዋል ሜርቭ። «ስንት ልጠቅልልህ?»

ኖቢ አስራ ሁለት ይገዛና ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ ከቤቱ ባመጣው ክሬም መስቀሉን ራሱ ይሠራበታል። ከተማው በሙሉ እንዲህ ነበር፤ በሰውየው ይስቃል፣ ዳቦውን ይገዛል።

ሜርቭን እንዲህ ያደረገው የቃሉ ጉባኤ የሚባል፣ ሠላሳ ሰው የማይሞላ ማኅበር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በገበሬዎች አዳራሽ ይሰበሰባሉ። ገና የለም፣ ፋሲካ የለም፣ የልደት ሻማ የለም፤ መጽሐፉ ውስጥ ያልተጻፈ በዓል ሁሉ ከአሕዛብ የተወረሰ ነው ብለው ትተውታል። ሜርቭ ሲገባ ልጁ ኮራሊ ሰባት ዓመቷ ነበር። ሚስቱ ባርብ እስክትሞት ድረስ «እኔ ይከብደኛል» እያለች ዳር ዳሩን አለፈችው። ኮራሊ ግን እንደ አባቷ ወጣች፤ እንዲያውም ባሰች።

ራስል የሚባል የገበሬ ልጅ ቀለበት አድርጎላት ነበር። በራስል እናት ቤት ገና ሲደርስ ዛፍ ይቆማል፣ ዘመድ አዝማድ ማዕድ ይቀርባል። ኮራሊ «እኔ እዚያ ማዕድ አልቀርብም፣ ልጆቼም አይቀርቡም» አለችው። «በዓመት አንድ ቀን እኮ ነው» ብሎ ለመናት። ጨነቃትና አባቷን ጠየቀች። ሜርቭ ሊጡን እያሸ፣ ቀና እንኳን ሳይል፣ «የጣኦት ማዕድ በዓመት አንድ ቀንም ቢሆን የጣኦት ማዕድ ነው» አላት። በማግስቱ ቀለበቱን መለሰች። ራስል ዛሬ የሦስት ልጆች አባት ነው፤ ዳቦም የሚገዛው ከኮራሊ እጅ ነው።

ስቅለት ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ፐርዝ ከተማ ካሉት ከዋናዎቹ የማኅበሩ ሽማግሌዎች ደብዳቤ መጣ። ቅዳሜ ተነበበ። መጻሕፍትን ዳግመኛ መርምረናል ይላል። ጳውሎስ እንዳስተማረው በዓል ማክበርም አለማክበርም የየሰው የኅሊና ጉዳይ ነው፤ እስከ ዛሬ ከልክ በላይ አጥብቀን ከሆነ እግዚአብሔር ይቅር ይበለን ይላል። በቃ። አንድ ገጽ እንኳን አይሞላም። አንዲት ሴትዮ ሳቀች። አንድ ሽማግሌ ተነስተው ወጡና መኪናቸው ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። ሜርቭ ልጁን ዞር ብሎ አያት፤ እሷ የመዝሙሩን ገጽ እየፈለገች ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውየው መቀመጥ አቃተው። ሊጥ አቡክቶ ይወጣል፣ ሰማይ አይቶ ይመለሳል። ሻይ ያፈላል፣ ሳይጠጣው ይቀዘቅዝበታል፣ ሌላ ያፈላል። ሚዛኑን ከባንኮኒው ቀኝ ወደ ግራ ያዛውራል፣ መልሶ ወደ ቀኝ። መጀመሪያ ደስ ብሎት ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ከትከሻው ላይ ጆንያ የወረደለት ነው የመሰለው። ቀጥሎ ደስታው አስፈራው። የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ኮራሊ የሆነ ነገር እንድትለው።

«ደብዳቤውን እንዴት አየሽው?»

«ሰምቼዋለሁ።»

«መስማትሽንማ አውቃለሁ። ምን አሰብሽ?»

«አባዬ፣ ነጩ ዱቄት ሊያልቅ ነው። ልዘዝ?»

እንግዲህ ከዚህ ወዲያ ምን ይባላል? መጽሐፍ ቅዱሱን አውጥቶ ለጣኦት ስለተሠዋ ሥጋ የሚናገረውን ቦታ አነበበ። ሥጋው ሥጋ ነው፣ መብላት ትችላለህ፤ ኅሊናው ደካማ የሆነ ወንድም ባንተ የሚሰናከል ከሆነ ግን ተወው ይላል። ሜርቭ የሚሰናከለው ማን ይሆን ብሎ ከጉባኤው አንድ በአንድ ቆጠረ። ልጁን አልቆጠራትም። ኮራሊ ደካማ ናት ብሎ እንዴት ያስብ!

ስቅለት ነገ ሊሆን ሐሙስ ጠዋት፣ ዱቄትና ውሃ በጥብጦ በሾጣጣ ከረጢት ሞላ። አንድ ፓትራ ብቻ፣ ሃያ አራት ዳቦ። የመጀመሪያው መስቀል ተንጋደደ፤ በአምሳ ስምንት ዓመቱ ለማጅ ሆነ። ዳቦው ሲወጣ ትኩር ብሎ አየው። ምንም አልሆነም። ብቻውን ሳቀና በሳቁ አፈረ።

ኮራሊ ሱቁን ልትከፍት ገባች፤ ሽርጧን እያሰረች ፓትራውን አየችው። ማሰሪያውን እንደያዘች ቀረች።

«ማን አዘዘው?»

«ማንም። እኔ ነኝ የሠራሁት» አለ ሜርቭ። «ተፈቅዷል እኮ፣ ልጄ።»

«እኔ ተከልክዬ አልነበረም፣ አባዬ። አምኜ ነው የተውኩት።»

ሜርቭ እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ የተጠረገውን እጅ መልሶ ጠረገ።

«ትምህርት ቤት ይህን ዳቦ ሲሰጡን ሜዳ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኩት» አለች። «ልጆቹ አውጥተው ከነቀዩ አፈሩ አፌ ውስጥ ጠቀጠቁት። አልዋጥኩትም። አንተ ምን አደረግህ? ባንኮኒው ላይ አቆምከኝና ለገበያተኛው ሁሉ አወራህ። በየጉባኤው ስታወራው ኖርክ።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ። ለእሱም፣ ለራስልም…»

«ይቅርታህን አልፈልግም!» ድምፅዋ ተሰበረ። ኮራሊ ስታለቅስ አይቶ አያውቅም፤ አሁንም አላለቀሰችም፣ ግን እንባዋ ቀርቦ ነበር። «‹ትክክል ነበርኩ› በለኝ። ያኔ። ሌላው ይቅር። ዳቦህን ሽጥ፣ ገናንም አክብር፣ አልቀየምም። ብቻ ራስልን ተይው ስትለኝ ‹ትክክል ነበርኩ› በለኝና ወደ ሥራዬ ልግባ።»

በዚህ መሐል ኖቢ በመስታወቱ አጮልቆ መስቀሉን አየ። «ኧረ ኑ፣ ኑ! ጣኦቷ መንገዱን አገኘችው!» እያለ በሩን ይደበድብ ጀመር። ከኋላው ሰው ይስቃል።

«አላውቅም» አለ ሜርቭ።

«ሃያ ሁለት ዓመት ታውቅ ነበር።»

አንዲት ቃል ናት። ቢላት ልጁ ባንኮኒው ጀርባ ትቆማለች፣ ሰው ይስተናገዳል፣ ኑሮ ይቀጥላል። ቃሏ አፉ ድረስ መጣች። ግን እውነት ከቤተሰብ ይቀድማል ብሎ ያሳደጋት እሱ ራሱ ነው፤ ፊቷን እያየ መዋሸት ሞት ሆነበት።

«ተሳስቼ ነበር» አለ።

ኮራሊ ሽርጧን ፈታች፣ አራት ቦታ አጠፈችው፣ ባንኮኒው ላይ አኖረችው። «እሺ» አለች። «ስላልዋሸኸኝ አመሰግናለሁ።» በጓሮ በር ወጣች።

ሃያ አራቱ ዳቦ ወዲያው አለቀ። ኖቢ ሜርቭን አቅፎ ወዘወዘው። «ኮራሊስ? ይህን ቀን ሳታይ!» ሲለው፣ «ደክሟታል» አለው ሜርቭ፤ የቆጠረውንም ገንዘብ እንደገና ቆጠረ።

እኚያ መኪናቸው ውስጥ የተቀመጡት ሽማግሌ ደብዳቤውን አንቀበልም ካሉት ጋር አልባኒ በምትባል ከተማ ሌላ ጉባኤ መሠረቱ፤ ኮራሊ እዚያ ናት። በየወሩ ትደውልለታለች። ስለ ዝናቡ ትጠይቀዋለች፣ ስለ ጉልበቱ ትጠይቀዋለች። ስለ በዓል አይነጋገሩም።

ገና ሲደርስ ከተማው ተሻማበት። የራስል እናት እንኳን ጠርታዋለች። ለሁሉም እሺ አለ። የገና ዕለት ኖቢ ሊወስደው ሲመጣ ሜርቭ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ በረንዳው ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል።

«በል ና እንጂ፣ ምግቡ ቀረበ» አለው ኖቢ። «ደግሞ አሁን ማን ከለከለህ?»

«ማንም» አለ ሜርቭ፣ መመላለሱን ሳያቆም። «አንተ ሂድ፣ እደርሳለሁ።»

አልደረሰም።